አናቱ የጠቆረው ቫልቭ

አክስቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተር ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ከኮንቴይነር እየወጣ ሲፈተሽ ስለምታይ፣ አዳማ ስትመለስም ዓይኗ ከሥራ አይወጣም። የገዛነውን ሽንኩርት እንኳ ከፌስታሉ አውጥታ፣ አገላብጣ አይታ ነው የምታስገባው። ስለዚህ የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ሲፈልግ፣ እኔና አያቴም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የእሷ ኮንዶሚኒየም እንድንገባ ሲወሰን፣ የዕቃውን ጉዳይ ማን ይምራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ እሑድ መጣችና ግቢው ውስጥ ሁለት ክምር አስጀመረችን። በረንዳው ላይ የሚቀመጠው «ያልፋል»፣ ከፓፓያው ሥር የሚቀመጠው «አያልፍም»። ሕጉ አጭር ነበር፤ የሚሠራ ዕቃ ይሄዳል፣ የማይሠራ ለቆራሌው ይሰጣል። ቆራሌው ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አሮጌ ብረትና ያለቀ ጫማ እየጠራ በየጠዋቱ በሰፈራችን የሚያልፍ ሰውዬ ነው። በዚያ ሳምንት በራችን ላይ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ይጣራ ጀመር።

አያቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እኔስ የትኛው ጋ ልቀመጥ?» አሏት።

አክስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አያቴ ግን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዙረው መልሱን ይጠብቁ ነበር። መልስ ሳይመጣ ተራው የሬዲዮኑ ሆነ።

ሬዲዮኑ ሳሎናችን ጥግ፣ የራሱ ጠረጴዛ ላይ የሚኖር የብረት ሣጥን ነው። ቀለሙ ወታደራዊ አረንጓዴ ነው፤ ለመሸከም ሁለት ሰው ይፈልጋል። የተሠራው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጦርነቱ አልቆ ሠሪዎቹ ሌላ ዓይነት ሬዲዮ ሲይዙ እሱ ወደ እኛ አገር ጦር መጣ። አያቴ በምሥራቅ በረሃ የሬዲዮ ኦፕሬተር በነበሩበት ጊዜ ጆሯቸውን የሰጡት ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። በኋላ አሮጌ ዕቃ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በጨረታ ሲሸጥ ቢሾፍቱ ድረስ ሄደው ገዙት። መላክ አይችልም፣ የሚሰማ ብቻ ነው። በቤት መብራት እንዲሠራ ያስለወጡትም እሳቸው ናቸው። እኔ ፊደል በምቆጥርበት ጊዜ ዜና ይሰማበት እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ዝም አለ።

አክስቴ መዳፏን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ፣ «ይሠራል?» አለች።

«ሠርቶ ያውቃል» አሉ አያቴ።

«አባዬ፣ እሱን አልጠየቅሁም።»

ብዙ ተከራከሩ። የክርክሩ መጨረሻ ይህ ነበር፦ ዕቃውን የሚያጓጉዘው አይሱዙ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሬዲዮኑ እስከዚያ ከተናገረ ያልፋል፣ ካልተናገረ ከፓፓያው ሥር ይወርዳል። አያቴ እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ግን ሁለት እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይዞ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በጦር ሜዳ ሬዲዮ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረ አንዱም አይሰማም። ስለዚህ አንዱ ንግግሩን ሲያበቃ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ሌላው ያን ጊዜ ብቻ ይናገራል። አያቴ ከጦሩ ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም በስልክ ሲያወሩ ይህን ሥርዓት አልተዉም። «ጨርሻለሁ» ካላሏቸው አይመልሱም። አክስቴ ደግሞ ከወደቡ የምትደውለው የጭነት መኪና እያጓራባት፣ በጥድፊያ ነው። «አባዬ ምሳ በሉ ወይ?» ትላለች። አያቴ ይጠብቃሉ። እሷ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላትና ትዘጋዋለች። ከዚያ እኔ ጋ ደውላ ኔትወርኩን ትረግማለች። አባቷ አጠገቤ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ገና እየጠበቁ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሳምንት መምህራችን እያንዳንዳችን የአንድ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ታሪክ መርጠን ክፍል ውስጥ እንድናቀርብ አዘዘን። ጓደኞቼ ስልክና ድሮን ተሻሙ። እኔ በጦርነት ሬዲዮ ውስጥ የነበረውን ቫልቭ መረጥሁ። በአንድ ሥራ መምህሬንም፣ አያቴንም፣ ከተሳካ አክስቴንም የማስደስት መስሎኝ ነው። ሰው ማስደሰት ስለምወድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ አላሳልፍም።

ቫልቭ ሲያዩት አምፖል ይመስላል። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብርጭቆ ሲሆን ውስጡ የምትግል ክርና ቀጫጭን ብረቶች አሉት። ክሯ ስትሞቅ የማይታይ ነገር ከብረት ወደ ብረት ይፈሳል፤ ያ ፍሰት ከሩቅ የመጣውን ደካማ ድምፅ ያጎላዋል። ዛሬ ስልካችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ነገሮች ናቸው። ያን ጊዜ ግን ጦርነት የሚያህል ነገር የተመካው በብርጭቆ ላይ ነበር። ታንክ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አውሮፕላን ላይ ይበርዳል፤ ከበቅሎ ጀርባ ይወድቃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንዳንዱን ብረት አለበሱት፣ አንዳንዱን አሳጠሩት፣ ለሬዲዮኑ ከሥሩ ጎማ አነጠፉለት። ይባስ ብለው ከመድፍ አፍ በሚተኮስ ጥይት ውስጥ የሚገባ፣ የጣት ጫፍ የሚያህል ቫልቭ ሠሩ። በየፋብሪካው እነዚያን ቀጫጭን ክሮች ከቦታቸው ያስገቡ የነበሩት በብዛት ሴቶች እንደነበሩ ሳነብ ደስ አለኝ።

ያነበብሁትን ሁሉ ማታ ማታ ራት ላይ ለአያቴ እነግራቸው ነበር። ከሁሉ የገረማቸው የጀርመኖቹ ነገር ነው። ጀርመኖች በብዙ ሬዲዮኖቻቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ቫልቭ ደጋግመው ይጠቀሙ ነበር። ጥገና የሚሠራው ወታደር አንድ ዓይነት መለዋወጫ ከያዘ ይበቃዋል። አያቴ ጉርሻቸውን ይዘው ቆሙ። እሳቸው በረሃ ላይ ዓይነቱ የበዛ ቫልቭ በካልሲ ጠቅልለው ይዞሩ እንደነበር፣ በዚህም የተነሳ ክረምት በጋ ያለ ካልሲ እንደኖሩ ነገሩኝ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ጀርመኖቹን አደነቀች፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ከሆነ አንድ የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል አለች።

ሰኞ ከክፍል እንደወጣሁ ሥራ ጀመርን። አያቴ በመጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ እንዳደርግ ነው። ሬዲዮኑ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ በልብ በኩል ስለሚያልፍ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ሁለት እጅ አይገባም። ቀሚሴ ኪስ እንደሌለው ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን ሰጡኝና እጄን በእሱ ውስጥ ደበቅሁ።

ሬዲዮኑን ለኮስነው። ቫልቮቹ አንድ በአንድ እንደ ከሰል ፍም ሲቀሉ ሁሉም የበሩ መሰለኝ። ድምፅ ግን የለም። አያቴ ጠበቁ፣ አስጠፉኝ፣ ገመዱን አስነቀሉኝ፣ እንደገና ጠበቁ። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ በተራ አሳረፉ። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነኩ ነበር የሚነኩት። ሞቋል፣ ሞቋል፣ ሞቋል። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆየ። ቀዝቃዛ ነው። ክሯ ተቃጥላለች ማለት ነው።

ተደሰቱ። መለዋወጫ ነበራቸዋ። ከአልጋቸው ሥር ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከጡረታቸው በፊት ጀምሮ ያጠራቀሙት ቫልቭ አለ። የሞተውንም ያልሞተውንም አይጥሉም፣ ሁሉም እዚያ ነው። አክስቴ እሑድ ቆርቆሮውን ስትፈትሽ የተቃጠሉትን አውጥታ ደህና ደህናዎቹን በጥጥ እንደጠቀለለችላቸው ነግራቸው፣ እሳቸውም መርቀዋታል። አሁን ከጥጡ ውስጥ አንዱን አወጣሁና በቀዝቃዛው ቦታ ተከልሁት። ዝም። ሌላ ተከልሁ። ዝም።

አያቴ ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ አናቱ ምን ይመስላል?» አሉ።

«ንጹሕ ነው አባባ። ወተት የመሰለ ነጭ።»

«ነጭ?»

«ሁሉም ነጭ ናቸው።»

አያቴ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። የደህና ቫልቭ አናት ከውስጥ መስተዋት የመሰለ ጥቁር ነገር ይቀባል። የተረፈውን አየር የሚበላው እሱ ነው። ብርጭቆው ተሰንጥቆ አየር ሲገባ ያ ጥቁር ወደ ነጭነት ይለወጣል። እኔም እኮ አየር የሚበላ ብረት እንዳለ አንብቤአለሁ፤ መልኩ ግን አልተጻፈም ነበር።

አክስቴ ደግሞ ያደረገችው ማናችንም የምናደርገውን ነው። የቤት አምፖል ሲቃጠል አናቱ ይጠቁራል። ስለዚህ የጠቆሩትን አንድ በአንድ ለቅማ ከፓፓያው ሥር ጣለቻቸው፤ የሞቱትን ደግሞ እንደ ዕንቁላል በጥጥ ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው። ደውዬ ነገርኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጥቁሮቹን በዚያው ጠዋት በእኛ በኩል ወደ ሥራ ስታልፍ ለቆራሌው እንደሰጠች ነገረችኝ። ለአባቷ እንዳልነግርባት ጠየቀችኝ። አባቷ አጠገቤ ናቸው፣ ሰምተዋል። ስልኩን ተቀበሉኝና ጠበቁ። እሷ «ጨርሻለሁ» ስላላለች ምንም ሳይሏት መስመሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት የቆራሌውን ድምፅ ገና ከማዶ ስሰማ ሮጬ ወጣሁ። አምፖሎቹን ያስታውሳቸዋል፤ ግን ዕቃውን የሚረከበው ነጋዴ ብርጭቆ አይገዛም። ብዙዎቹ ጆንያው ውስጥ ከምጣድ ብረት ጋር ተጋጭተው ተሰብረዋል። የተረፉትን ሁለቱን ጆንያውን ጭኖ ለሸኘው የባጃጅ ልጅ ሰጠው። ልጁ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ካለው ተራ አይጠፋም፣ ከባጃጁ ኋላ «ከኋላ ሆኖ ማማት ይቻላል» የሚል ጽሑፍ አለው አለኝ።

አዳማ ውስጥ የባጃጅ ጽሑፍ እያነበቡ መዞር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ነፋሱ አቧራውን ዓይኔ ላይ እያራገፈ ፖስታ ቤቱ ጋ ስላጣሁት ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ስል አረፈድሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። ሁለቱ ቫልቮች ከፊት መስተዋቱ ላይ በቀይ ክር ተንጠልጥለው፣ ጥቁር አናታቸው በፀሐይ ያብረቀርቅ ነበር። ባለቤቱ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ ወጣት ነው። ምን እንደምፈልግ ስነግረው እጁን ዘርግቶ በመዳፉ ጋረዳቸው።

«እነዚህማ አይሆንም እህቴ። እነዚህ ከተሰቀሉ ወዲህ ትራፊክ አስቁሞኝ አያውቅም።»

ከተሰቀሉ ገና አንድ ቀናቸው ነው። ይህን ማንሳቱ ይጠቅማል ብዬ ስላላሰብሁ ያጠናሁትን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት፤ ስለ ታንኩ፣ ስለ መድፉ፣ ስለ ጀርመኖቹ። ከኋላው የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ስጣትና እንሂድ» አሉት። እሱ ግን ያዳምጥ ነበር። አያቴ የትኛው ክምር ላይ ልቀመጥ ብለው እንደጠየቁ ስነግረው መዳፉን ከቫልቮቹ ላይ አነሣ። ለሰው አሳልፎ እንደማይሰጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሱ ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገባልኝ።

ሐሙስ ነጮቹን ቫልቮች ይዤ ክፍል ውስጥ አቀረብሁ። መምህሬ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ ጓደኛዬ በምን ቻርጅ እንደሚደረግ ጠየቀ። ስለ አናቱ ነጭነት ስናገር ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ሊያዩ ተነሡ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሆኖም ልቤ ቅዳሜ ላይ ስለነበር ጭብጨባውን በደንብ አልሰማሁትም።

ቅዳሜ አይሱዙው በጊዜ መጣ። ባጃጁ አልመጣም። ጫኞቹ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ብፌውን ጫኑ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ያልፋል» ትላለች፤ ሬዲዮኑ ጋ ስትደርስ ግን ዓይኗን ታሸሻለች። አያቴ ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ ከሬዲዮኑ አጠገብ፣ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ወንበራቸው ብቻ ስለቀረ ጫኞቹ መጥተው ቆሙ። አክስቴም ትንሽ ጠብቁ አለቻቸው።

ያን ጊዜ ባጃጁ አቧራውን እያስነሣ ገባ። ልጁ ቫልቮቹን ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ አቅፏቸው ወረደ።

«አካም ቡልተን አባባ» አላቸው።

አያቴ በኦሮምኛ መልሰው ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ባጃጁን ሳይቀር ጠየቁት። ሁለቱን ቫልቮች ተቀብለው ከሥራቸው ያሉትን የብረት እግሮች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንዱን መለሱለት፣ ለባዶው ቦታ የሚገጥመውን ያዙ። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቅኋቸውም፤ እኔ የራሴን ካልሲ ጥንድ በዳሰሳ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ይሆናል።

ቫልቩን ከተከልሁ በኋላ አያቴ፣ «አንድ እጅ ኪስ» ብለው አዘዙ። ትእዛዙ ለእኔ ነበር። ግን የባጃጁ ልጅ እጁን ኪሱ አስገባ፤ ጫኞቹም አስገቡ፤ አክስቴ ኪስ ስላጣች እጇን የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እንዲህ ሆነን ሬዲዮኑን ከበን ቆምን። ገመዱን ሰካሁ።

ዝም።

አክስቴ ቦርሳዋ ውስጥ ባለው እጇ ስልኳን ልታወጣ ከጀለች። «አባዬ፣ አልሠራም እኮ» አለች፣ በቀስታ።

«አልሞቀም» አሉ አያቴ።

አክስቴ ኮንቴይነር ሲዘገይባት መርከቡን ትወቅሳለች። መብራት ሲዘገይባት ግድቡን ትወቅስ ይሆናል። ያን ጠዋት ግን ቆማ ጠበቀች። ቫልቮቹ ቀስ በቀስ ቀሉ፤ ጥቁር አናት ያለውም ቀላ። መጀመሪያ የንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ መጣ። ከዚያ የብስኩት ወረቀት እንደሚጨመድዱ ያለ። አያቴ መሽከርከሪያውን በሁለት ጣት ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው አዞሩ፤ አንድ ሰውዬም ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ በኦሮምኛ፣ በጥሩ ድምፅ፣ ሳሎናችን ውስጥ ይናገር ጀመር።

የባጃጁ ልጅ ለአክስቴ ተረጎመላት። ስለ ሽንኩርት በሽታ ነው። ቅጠሉ ሲወይብ ውሃ አታብዙበት ይላል። ከጫኞቹ አንዱ የመቂ ልጅ ኖሮ፣ ሰውዬው ልክ ነው ብሎ መሰከረለት። አክስቴ ስለ ሽንኩርት እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ እጇን ከቦርሳዋ አውጥታ ሬዲዮኑን በመዳፏ መታ አደረገችው።

«ያልፋል» አለች። ቀጥላም ወንበሩን አየች፣ አባቷንም አየች። «ሁሉም ያልፋል።»

የቀረው የልጁ ጉዳይ ነበር፤ ከጌጡ ግማሹ ተወስዶበታል። አያቴ በጥጥ የተጠቀለሉትን አስመጡለትና እነዚህ የሞቱ መሆናቸውን ሳይደብቁ ነገሩት። እሱ አንዱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው።

«ባጃጄ ላይ ማን ይፈትናቸዋል? እንዲያውም ይሄ ያምራል፤ ወተት የጠጣ ይመስላል።»

አያቴ ሬዲዮኑን ለአይሱዙ አላመኑትም፣ ይንጠዋል አሉ። ስለዚህ በባጃጅ ሄድን። ሣጥኑ ከኋላ በእኔና በእሳቸው ጭን ላይ፣ አክስቴ ከሹፌሩ ጎን ተሸጉጣ። ቫልቮቹን ነቅለን ጠቅልለናል፤ በካልሲ ነው፣ በእኔ። ያቺን ጥቁር አናት ግን አያቴ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርገዋት እጃቸውን ከላይ ጭነውባት ነበር። ፊት ለፊታችን መስተዋቱ ላይ አንድ ጥቁርና ነጮቹ ቫልቮች እየተጋጩ ይንቃጨላሉ።

አደባባዩን እንዳለፍን አክስቴ ወደ ኋላ ዞረች። «አባዬ፣ እኔ ጋ መግባቱ ቅር ብሎዎታል?» አለች።

አያቴ አልመለሱም። የባጃጁ ሞተር ብቻ ይጮሃል። አክስቴ ያልሰሟት መስሏት ጥያቄውን ልትደግመው አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው። እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች።

«ጨርሻለሁ» አለች።

አያቴ ፊታቸውን ወደ እሷ አቀኑ።

«ምድር ቤት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ሌላው ደህና ነው። ጨርሻለሁ።»